ቶቶይ ኮካክ እምቢ ያለ ቀን

ባሌን መጀመሪያ ያወቅሁት ምሳ ሲያመላልስ ነው። ፍራንክፈርት፣ ግሪስሃይም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከመጋዘኖች ጀርባ ባለ አንድ አልተርስሃይም፣ የአረጋውያን ቤት፣ እኔ አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፤ እሱ ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። ኔስቶር ይባላል። አጠር ያለ፣ አፉ ሰፊ፣ ዓይኑ ጎላ ያለ፣ ፀጉሩን ጥቁር የሚቀባ የፊሊፒንስ ሰው። ጋሪውን እየገፋ ይመጣል፣ ሳህኑን ፊታቸው ያስቀምጣል፣ «ጉተን አፔቲት»፣ መልካም ምግብ ይላል፣ ይሄዳል። በእረፍት ሰዓት ከእኛ ጋር አይቀመጥም። አንድ ቀን ሲስቅ ለማየት ብዬ ቀልድ ቢጤ ወርወር ባደርግለት አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ጆሲ መጣች። ጆሲ ከማኒላ አዲስ የተቀጠረች ነርስ ናት፤ ልጅ እግር፣ ሳቂታ። ሥራ በጀመረችበት ቀን ምግብ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ኔስቶርን አየችውና ደርቃ ቀረች። ከዚያ ጩኸቷን አቀለጠችው።

«ቶቶይ! ቶቶይ ኮካክ!»

እሱ ራሱን ነቀነቀ። «ተሳስተሻል፤ እኔ አይደለሁም» አላት በጀርመንኛ። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ለሁላችንም አሳየችን። አንድ ወጣት አረንጓዴ ልብስ ለብሶ፣ ጉንጩን እንደ ፊኛ ነፍቶ፣ ቁጢጥ ብሎ እየዘለለ ይዘፍናል። ኮካክ ማለት በእነሱ አገር የእንቁራሪት ጩኸት ነው። ፀጉሩ ብዙ፣ ሰውነቱ ቀጭን ነበር እንጂ ዓይኑና አፉ የኔስቶር ነው።

«እናቴ ታማ ሳለች የአንተን ፊልም እያየች ነበር የምትስቀው» አለችው ጆሲ፤ እጁን ይዛ። «አንዴ ብቻ! ለእኔ ብለህ!»

ኔስቶር የያዘውን ትሪ አስቀመጠ። እጁን በሽርጡ ጠረገ። አዳራሹ መካከል ቁጢጥ አለና ጉንጩን ነፋ። ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰው ዘለለ፣ ጮኸ፣ ዓይኑን አፈጠጠ፣ ጫማ የተወረወረበት ይመስል ጭንቅላቱን ይዞ ወደቀ። ከታመመ ወዲህ አፉን ከፍቶ የማያውቀው አዛውንቱ ሄር ክሩገር እንኳ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ከምሳ በኋላ ፎጣ ላወጣ ዕቃ ቤት ስገባ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቱን በሽርጡ ሸፍኗል።

«አሞሃል?» አልኩት።

«አላመመኝም» አለ። «ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልም። እሱ ነው በሽታዬ።»

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። መተዋወቃችን ከዚያ ጀመረ።

ታሪኩን የነገረኝ ቀስ በቀስ፣ የሁለታችንም ባልሆነ ቋንቋ ነው። ከሥራ ስንወጣ በወንዙ ዳር አብረን እንሄዳለን፤ ጀርመንኛው ሲያልቅበት በእጁ ያስረዳኛል፣ የእኔ ሲያልቅብኝ ዝም እላለሁ።

የተወለደው ሩዝ የሚዘራበት ገጠር ነው። እናቱ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበረች፤ ድምፁን ከእሷ ወረሰ። የፍቅርና የሐዘን ዘፈን ዘፋኝ እሆናለሁ ብሎ ማኒላ ሄደ። በየራዲዮ ጣቢያው ውድድር ዘፈነ፤ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ድምፅህ ማር ነው፤ ፊትህ ግን ሲያዝን ያስቃል።» ቢራ ቤት ውስጥ መዝፈን ጀመረ። አንድ ቀን የሰከሩ ሰዎች ዘፈኑ መካከል ያላግጡበት ጀመር፤ አንዱ ጠርሙስ አነሣ። ኔስቶር ፈራ። በፍርሃቱ ጉንጩን ነፍቶ፣ ልጅ ሆኖ በሩዝ ማሳው ውስጥ ሲሰማው ያደገውን የእንቁራሪት ድምፅ አወጣ። ጠርሙሱን ያነሣው ሰውዬ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ።

«ነፍሴን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

በዚያው ወር አንድ ዘፈን አሳታሚ አገኘው። ያስቀረጸው ዘፈን ቆንጆ ሴት ስለወደደ እንቁራሪት ሲሆን፣ በቀረባት ቁጥር በጫማ ትመታዋለች። አገሩ አበደ። ልጆች በየመንገዱ ቁጢጥ ብለው ይዘላሉ፤ አውቶቡስ ሾፌሮች በጥሩንባ ይጮኹለታል። ኔስቶር የሚለው ስም ጠፋና ቶቶይ ኮካክ ቀረ። ከዚያ ፊልም መጣ። በሁሉም ፊልም የዋናው ተዋናይ ጓደኛ እሱ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል፣ በዓሣ ፊቱን ይመታል፣ ሴቶች ሲያዩት ይሮጣሉ።

አንድ ጊዜ ዳይሬክተሩን ለመነው። «አንድ ፊልም ላይ እንኳ ልሙት» አለው። ዳይሬክተሩ ከስንት ልመና በኋላ ፈቀደለት። ጓደኛውን ሊያድን ጥይት ደረቱ ላይ ይቀበላል፣ እናቱን አደራ ብሎ ይሞታል። ለዚያች ትንሽ ትዕይንት ለብዙ ጊዜ ተዘጋጀ፤ ራሱን አስርቦ ከሳ። ፊልሙ ሲመረቅ ከሚስቱ ከካርሜሊታ ጋር ኋላ ወንበር ተቀመጠ። መሞት ሲጀምር አንድ ልጅ ኪኪኪ አለ። ከዚያ ሌላ። «እናቴን አደራ» ሲል ሲኒማ ቤቱ ተናጋ። ሰው እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ይስቃል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያለቀሰችው ካርሜሊታ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ያዩዋት ዞረው ሳቁባት። አሳታሚው ሲወጣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «እስካሁን ከሠራኸው ሁሉ ይሄ የባሰ ያስቃል!» አለው።

ካርሜሊታ የፊልም ልብስ ሰፊ ነበረች። አረንጓዴውን ልብስ ስትሰፋለት ነው የተዋወቁት። ቤት ሲገባ ልብሱን ታወልቅለትና «አሁን ያኛውን ዝፈንልኝ» ትለዋለች። ያኛው ስለ ዝናብ የሠራው ዘፈን ነው፤ ለእሷ ብቻ የዘፈነው፣ ማንም ያላሳተመው። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። አማሊያ አሏት።

ልጅቷ ገና ትምህርት በጀመረች ጊዜ ካርሜሊታ በኩላሊት ሞተች። በእነሱ አገር ሬሳው ቤት ውስጥ ቀናት ይቆያል፤ እንደኛ ለቅሶ ቤት ሰው ይመጣል፣ ይበላል፣ ካርታ ይጫወታል። የከተማው ከንቲባ ካሜራ አስከትሎ መጣ። የሬሳ ሣጥኑ ፊት አማተበ፤ ከዚያ ወደ ኔስቶር ዞሮ «ቶቶይ፣ ሕዝቡ በሐዘን ተጎድቷል። አንዴ አስቀን፤ እሷም ደስ ይላታል» አለ። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። አማሊያ ሮጣ መጥታ የአባቷን እግር ያዘች።

«ከዚያስ?» አልኩት።

ወንዙን እያየ «ሠራሁት» አለ።

ልጅቷ እግሩን ለቀቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጣ አታውቅም። የእናቷ እህት ወስዳ አሳደገቻት። እሱም እያረጀ ሄደ፤ ሌሎች አስቂኞች መጡ፤ ሕዝቡ ረሳው። በመጨረሻ ሆቴል ውስጥ ከሚጫወት ባንድ ጋር ጀርመን መጣ፣ ሬናተ የምትባል ሴት አግብቶ ቀረ። ጋብቻው ፈረሰ፤ እሱ ወጥ ቤት ገባ። የሚያውቀው ሰው በሌለበት ቦታ ሳህን ማመላለስ እንደ እረፍት ነበር ይለኛል።

ልንጋባ መሆናችንን ለኢትዮጵያውያን አማኞች ማኅበራችን ስናገር ከሁሉም በላይ የተጨነቁት እማማ የወርቅውሃ ነበሩ። እሑድ እሑድ እዚያው ግሪስሃይም አዳራሽ ተከራይተን ነው የምናመልከው፤ እማማ የወርቅውሃ የጸሎት ቡድኑ እናት ናቸው።

«ሸዋገነት ልጄ፣ ፊሊፒንስ ማለት ቻይና ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ፤ ሌላ አገር ነው።»

«እንጀራ ይበላል?»

«ይለምዳል።»

«ጌታንስ ያውቃል?»

«ካቶሊክ ነው፤ እርስዎ ይጸልዩለት» አልኳቸው። ጸለዩለት። በሠርጋችን ቀን ግንባሩን ሳሙት።

ልጄ ሚልካ ያን ጊዜ ጂምናዚየም፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ትማር ነበር። አባቷን አታውቀውም፤ አገር ቤት ነው የቀረው። ኔስቶር ጠዋት ጠዋት ዳቦዋን ቀብቶ፣ ቲማቲሙን ለብቻ ጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ ይከትላታል፤ ዳቦው እንዳይርስ። «እንዴት ነው ኔስቶር?» ብዬ ስጠይቃት «ኤር ኢስት ኦኬ» ትለኛለች፤ ደህና ነው ማለቷ ነው። ለሚልካ ይሄ ትልቅ ቃል ነው።

እሑድ ከእኛ ጋር አዳራሽ መምጣት ጀመረ። አንድ ጊዜ ፓስተር አምሃ መዘምራኑ ውስጥ እንዲቆም ጋበዘው። መዝሙሩን ሚልካ በላቲን ፊደል ጻፈችለት፤ ትርጉሙን ሳያውቅ ቃሉን አጠናው። አንዱን ቁጥር ለብቻው ሰጡት። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያወጣው አዳራሹ ጭጭ አለ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ ሰውነት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እማማ የወርቅውሃ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሕፃናቱ እንኳ ዝም አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ደረጃው ላይ ቆመና «ሸዋ፣ አልሳቁም እኮ» አለኝ። «አንድም ሰው አልሳቀም።» ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በኑሯችን ከዚያ የበለጠ ደስ ያለበትን ቀን አላውቅም። የደስታው ዕድሜ ግን አጭር ነበር።

በበልጉ ድምፁ ጎረነነ። ብርድ ነው አልን፤ ዝንጅብል አፈላሁለት። አልለቅ ሲለው ምግብ መዋጥም ከበደው። ኒደርራድ ያለው ክራንክንሃውስ፣ ሆስፒታል ማለት ነው፣ ቀጠሮ ተሰጠንና ሄድን። ዶክተሯ ፈጠን ብላ የማትናገር፣ ዓይን ዓይን የምታይ ሴት ነበረች። ካንሰር መሆኑን ነገረችን። ማንቁርቱ በሙሉ መውጣት አለበት አለች፤ ካልወጣ ይሞታል።

«ከዚያ በኋላ እዘፍናለሁ?» ብሎ ጠየቃት።

«አይ፣ ሄር ኔስቶር። አይዘፍኑም። ለመናገርም መሣሪያ ያስፈልግዎታል።»

እንደ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። ውጭ ስንወጣ አንድ ነገር ብቻ አለኝ። «ልጄ ድምፄን ሳትሰማ አይውሰዱት። እንደ ሰው ስዘፍን ሰምታኝ አታውቅም።»

አማሊያን ፌስቡክ ላይ ፈልጋ ያገኘቻት ሚልካ ናት። በእንግሊዝኛ ጻፈችላት። ለብዙ ቀን መልስ አልነበረም። ከዚያ አጭር መልእክት መጣ፦ የምሠራበት ድርጅት ፍራፍሬ ይልካል፤ በሚመጣው ሳምንት ለምግብ አውደ ርዕይ ፍራንክፈርት ሜሴ፣ የአውደ ርዕዩ ማዕከል፣ እመጣለሁ፤ በምሳ እረፍቴ የማርፍበት ሆቴል ላገኘው እችላለሁ። ሚልካ ስታነብለት ኔስቶር ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። ዶክተሯ ኦፕራሲዮኑን ለጥቂት ቀን አቆየችልን።

በእነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ የዝናቡን ዘፈን ሲለማመድ ዋለ። ከፍ ሲል ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ዝቅ አድርጎ ይጀምረዋል። ሚልካ በሩን ገርበብ አድርጋ ታዳምጠዋለች። «ትንሽ ቀስ ካደረግከው ይሻላል» ትለዋለች፤ ይሰማታል።

ሆቴሉ ኦይሮፓፊርቴል የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን መስታወት፣ ከፊት ለፊቱ የሜሴው ግንብ ይታያል። የሠርጋችንን ሱፍ ለበሰ፤ ከስቶ ስለነበር የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። እኔንና ሚልካን ይዞ እንግዳ መቀበያው ጥግ ካለ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ሰው በገባ ቁጥር ብድግ ይላል፣ ይቀመጣል።

አማሊያ ስትገባ ሳይነግሩኝ አወቅኋት። ዓይኗ የእሱ ነው፤ እሱ ላይ የሚያስቀው ዓይን እሷ ላይ ውብ ሆኗል። አንገቷ ላይ የአውደ ርዕዩን መታወቂያ አንጠልጥላለች። እጁን ዘርግቶ ሊያቅፋት ተነሣ። እሷ ቀኝ እጇን ሰጠችው፤ ጨበጣት።

በቋንቋቸው አንድ ነገር ሊል ሲጀምር አቋረጠችው።

«በእንግሊዝኛ ይሁን» አለች። «ሚስትህም ትስማ።»

ሚልካ መካከላችን ሆና እያንሾካሾከች ትተረጉምልኛለች።

«መታመምህን ልጅቷ ጽፋልኛለች። አዝናለሁ» አለችው አማሊያ። «ምን ፈለግህ?»

«ድምፄን ሊወስዱት ነው። ከመወሰዱ በፊት የእናትሽን ዘፈን ልዘፍንልሽ ነው።»

«እዚህ?»

«እዚህም ቢሆን። በቀስታ እዘፍነዋለሁ።»

ጣቶቿን እርስ በርስ ቆላልፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ትምህርት ቤት የእንቁራሪቱ ልጅ ነበር የሚሉኝ። በመጣሁ በሄድኩ ቁጥር ይጮኹብኛል። እሱን ቻልኩት። ልጆች ናቸው አልኩ። ግን እናቴ ሣጥን ውስጥ ነበረች። ከንቲባው ሲጠራህ አይሆንም ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ይሄው እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።»

«ለምነውኝ እኮ ነው» አለ ኔስቶር። ድምፁ ሹክሹክታ ሆኗል።

«እኔም ለምኜህ ነበር። እግርህን ይዤ።»

ሚልካ ይሄን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ተረጎመችልኝ። አማሊያ ወደ መስታወቱ ዞረች። ፊቷን ሳትመልስ «እሺ፣ ዝፈነው» አለች።

ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጀመረ። ቃሉን አላውቀውም፤ ግን ድምፁ እንደ አሮጌ ጨርቅ እየተቀደደ እንኳ መንገዱን አልሳተም። አማሊያ ቀስ ብላ ዞረች። የተቆላለፉት ጣቶቿ ሲፈቱ አየሁ። ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ቃሉን ታውቀው ኖሯል፤ እናቷ ስታንጎራጉር ሰምታው ይሆናል።

«ኧረ! ቶቶይ ኮካክ!»

ከአሳንሰሩ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ እንደ አማሊያ መታወቂያ ያንጠለጠሉ፣ ከአገራቸው ለአውደ ርዕዩ የመጡ። እየሮጡ ከበቡን። ክፋት የለባቸውም፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል። አንዱ የኔስቶርን እጅ ሳመ። ስልኮች ወጡ። የሚሉትን ባላውቅም ልመና በማንኛውም ቋንቋ ልመና ነው፤ ጆሲ ያለችውን ነው የሚሉት፦ አንዴ ብቻ፣ ለእኛ ብለህ።

ኔስቶር ልጁን አየ። ከዚያ ቀና አለ።

«አይሆንም» አለ።

ሳቁ።

«አይሆንም! ከልጄ ጋር ነኝ። ተዉኝ! ሂዱልኝ!» ሊጮህ ሲሞክር የታመመው ጉሮሮው ከዳው፤ ድምፁ መካከል ላይ ተሰብሮ ጢው ብሎ ወጣ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጉንጩ ተንቀጠቀጠ፣ እንባው ወረደ። እነሱ ሆዳቸውን ይዘው አንዱ በአንዱ ላይ ወደቁ። በዕድሜው ሙሉ ያልተናገረውን ቃል ሲናገር ቀልድ መሰላቸው። በስልኩ ይቀርጽ የነበረ አንድ ሰውዬ እጁ በሳቅ እየተንቀጠቀጠበት ስልኩን በሁለት እጁ ደገፈው። ተነሥቼ ክንዱን ገፋሁት። ሚልካ «ሄርት አውፍ! አቁሙ!» እያለች ጮኸች። እኛንም የጨዋታው አካል አደረጉን።

አማሊያ ቦርሳዋን አነሣች። ኔስቶር የካፖርቷን እጅጌ ያዘ።

«አየሽኝ? እምቢ አልኩ። እምቢ አልኩ እኮ!»

«አየሁ» አለችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። «ግን የፈለግሁት ያን ቀን ነበር።»

ጣቶቹን ከእጅጌዋ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀችና በመስታወቱ በር ወጣች። በመንገዱ ማዶ፣ ወደ ሜሴው ከሚጎርፈው ሕዝብ ጋር ተቀላቅላ እስክትጠፋ ድረስ ቆሞ አያት። ሰዎቹ አሁንም ከኋላው ይስቃሉ።

በኤስ-ባኑ፣ በከተማው ባቡር፣ ስንመለስ መሐረብ አፉ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሚልካ ክንዱን ይዛ ነበር፤ ያዘችኝ ብሎ እንኳ አላያትም።

ያ ቪዲዮ ለመሠራጨት እስኪመሽ አልቆየም። ሚልካ ቀድማ አየችው፤ ከእኛ ደበቀችው። ለኔስቶር የነገረችው ጆሲ ናት፤ ደስ የሚለው መስሏት። ኦፕራሲዮኑ ዋዜማ አበባ ይዛ ቤት መጥታ «አይተኸዋል? አገሩ ሁሉ ስለ አንተ ነው የሚያወራው! ዛሬም እንደ ድሮው ነህ!» አለችው። አመሰገናት። አበባውን ተቀብሎ ውሃ ውስጥ አደረገላት።

ማንቁርቱን አወጡት። ዶክተሯ ሥራዋን በደንብ ሠርታለች፤ እዚያ ቤት በክፉ ያየን የለም። አንገቱ ላይ ቀዳዳ ቀረለት፤ በዚያ ይተነፍሳል። አንገት ላይ የሚደገፍ የመናገሪያ መሣሪያ ሰጡት። የሆስፒታሉ የንግግር አስተማሪ እንዴት እንደሚይዘው አሳየችውና ስሙን እንዲል ጠየቀችው። መሣሪያው ስሙን እንደ እንቁራሪት በሚጎረንን ድምፅ አወጣው። ኔስቶር ሰማ። መሣሪያውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዳግመኛ አልነካውም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሰው ባሌ ነው አልልም። ወጥ ቤት አልተመለሰም። እሑድ ስንወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ወረቀትና እርሳስ አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩለት፤ «ውሃ» ብሎ ይጽፋል፣ «መስኮት» ብሎ ይጽፋል። «ልጄ» ብሎ አንድ ቀንም አልጻፈም። ፓስተር አምሃ ይመጣል፣ መጽሐፍ ያነብለታል። እማማ የወርቅውሃ እጃቸውን ጭኑ ላይ አድርገው በአማርኛ ያወሩታል፤ «አይዞህ የእኔ ልጅ፣ ሙሴም አፉ ኮልታፋ ነበር» ይሉታል። ዓይኑን ከድኖ ያዳምጣቸዋል፤ ሰምቶ እንደሆነ አላውቅም። ሚልካ ዳቦዋን ራሷ መቀባት ጀመረች። አንድ ጠዋት ለእሱም ቀባችለት፤ መዋጥ እንደማይችል ትዝ ሲላት ሳህኑን ይዛ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ቀረች።

ለአማሊያ ሚልካ ሁለት ጊዜ ጻፈችላት። ኦፕራሲዮን መደረጉንም ነገረቻት። መልእክቱን ማንበቧ ይታያል፤ መልስ የለም።

በመከር በሽታው ሳንባው ላይ ወጣ። ዶክተሯ ሌላ የምታደርገው እንደሌለ ስትነግረን ኔስቶር እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀላት፤ ቢናገር ኖሮ አመሰግናለሁ የሚል ይመስለኛል። ቤት አስታመምኩት። በአንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ ሚልካ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ፣ ትንፋሹ አንገቱ ላይ ቆመ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር።

ግሪስሃይም መቃብር ቀበርነው። ማኅበሩ መጣ፤ ጆሲም መጣች፣ ከእሷ ጋር ጥቂት ያገሯ ሰዎች። መዘምራኑ ያን መዝሙር ዘመሩ፤ የእሱ ቁጥር ላይ ሲደርሱ የሚያወጣው ጠፍቶ ፓስተር አምሃ ንግግር ጀመረ። ጆሲ እያለቀሰች ነበር። «ሕይወታችንን ሁሉ አሳቀን» አለችኝ። አቀፍኳት፤ ምን ልበላት።

አማሊያ የደወለችው ሚልካ መሞቱን ከጻፈችላት በኋላ፣ ገና ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ሚልካ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ መካከላችን አስቀመጠችው።

«ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ?» ብላ ጠየቀች።

«እናቴ» አለቻት ሚልካ።

ከኋላዋ መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

«ምን አለ? በመጨረሻ ምን አለ? እኔን ጠራ?»

ሚልካ ተርጉማልኝ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አዎ ማለት ይቻል ነበር። ሚልካም አዎ እንድል የፈለገች መሰለኝ። ግን ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ደስታ ሲባል ያልሆነውን ሲሆን ኖሯል፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ እኔ ልጨምርበት አልቻልኩም።

«ድምፅ አልነበረውም በያት» አልኩ። «ምንም አላለም።»

ሚልካ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። አማሊያ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «ገባኝ» አለች፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሚልካ ተነሥታ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ብጠራት አልመለሰችልኝም፤ ከውስጥ ስትቆልፈው ሰማሁ፤ እኔም በሩ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።